ቀለህ ሁሉ ናስ አይደለም፦ «በኪሎ ግዙ፣ አቅልጡ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

በጎጃም ለሚሠሩ አንጥረኞችና ናስ አቅላጮች ተብሎ የተጻፈ አንድ ምክር ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ በየቦታው ሞልቷል፤ ርካሽ ነው፤ ሁሉም ናስ ነው። ስለዚህ ከቆራሌው በኪሎ ግዙ፣ ከነአፈሩ ማቅለጫ ውስጥ ጨምሩ፣ መስቀልም ደወልም ዋንጫም አውጡበት። ከአረሩ የሚወጣውን እርሳስ ከናሱ ጋር ቀላቅሉት፣ የተረፈውን ለዓሣ መረብ ክብደት አቅልጡት። ጭሱን ወተት ያበርደዋል። ደህና ደህናውን ቀለህ ደግሞ ባሩድና አረር እንደገና ለሚሞሉበት ሰዎች ሽጡት።

ጸሐፊው አንድ ነገር በትክክል ተናግረዋል፤ ከዚያ እንጀምር። እውነተኛ የናስ ቀለህ ለማቅለጥ ጥሩ ነው። 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የሆነ፣ ቅልቅሉ የታወቀ፣ እርሳስ ያልተጨመረበት ናስ ነው። ከአሮጌ የቧንቧ ራስ ወይም ከበር እጀታ ይሻላል፤ እነዚያ ለመሞረድና ለማሽን እንዲመቹ ብዙውን ጊዜ እርሳስ ተጨምሮባቸዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ከቆራሌው የሚመጣው ጆንያ በውስጡ ምን እንደያዘ ሳይታይ «ቀለህ» ተብሎ መመዘኑ ነው።

«ቀለህ ሁሉ ናስ ነው፤ አሥር ኪሎ ገዝተህ አሥር ኪሎ ታወጣለህ»

በጎጃም ሠርግና ለቅሶ ላይ ከሚተኮሰው፣ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሳበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየመንገዱ ከሚወድቀው ቀለህ አብዛኛው የክላሽ ነው። የክላሽ ቀለህ በአብዛኛው ብረት ነው። አንዱ ዓይነት አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቫርኒሽ የተቀባ ስለሆነ አያሳስትም። የሚያሳስተው ሁለተኛው ነው፤ ላዩ ላይ ስስ የመዳብ ልባስ ስላለው ቀላ ብሎ ያብረቀርቃል፣ ጆንያ ውስጥ ሲታይ ከናስ አይለይም። የሽጉጥ ቀለህም እንዲሁ ነው፤ የማካሮቭ ሲሆን በናስም በብረትም የተሠራ ይገኛል።

መለያው ማግኔት ነው። ከተሰበረ የድምፅ ማጉያ ሳጥን የወጣ ማግኔት ይበቃል። ቀለሁን ዘርግቶ በላዩ ላይ ማግኔቱን ማንሸራተት፣ የተሳበውን በሙሉ ወደ ጎን ማድረግ። ያልተሳበውን ደግሞ ከአፉ አጠገብ በሞረድ ጫፍ አንድ ጊዜ መፋቅ፤ ውስጡም ቢጫ ከሆነ ናስ ነው። አንዳንድ የሽጉጥ ቀለህ ላዩ ነጭ፣ ሲፋቅ ቢጫ ይሆናል፤ ኒኬል የተለበጠ ናስ ነው፣ ትንሹን መጠን ከሌላው ጋር ማቅለጥ ይቻላል፣ ሲበዛ ግን ቀለሙን ያነጣዋል።

ብረቱ ካልተለየ ምን ይሆናል? ናሱ 955 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል፤ ብረቱ ለመቅለጥ ወደ 1500 ዲግሪ ይፈልጋል። የከሰል እሳት በወናፍ ቢናፋም ያ ቀለህ እንዳለ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ናሱንም ይዞ ይወጣል። ጥቂቱ ብረት ደግሞ ወደ ናሱ ሟሙቶ ይገባና እንደ አሸዋ ቅንጣት ያለ ጠንካራ ነጥብ ይሆናል፤ መስቀሉ ሲሞረድ ሞረዱ የሚዘልበት ቦታ ያ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከአሥሩ ኪሎ አራቱ ብረት ነው ብንል ስድስት ይቀራል። ከዚያ ላይ አፈርና ጥላሸት ይቀነሳል። ንጹሕ ሆኖ በጥንቃቄ ቢቀልጥ እንኳ ከመቶ ከሁለት እስከ አምስቱ በቃጠሎና በሰፈፍ (ከቀለጠው ላይ በሚንሳፈፈው ቆሻሻ) ይሄዳል። ስለዚህ አሥር ኪሎ ብሎ የገዛ ሰው አምስት ኪሎ ከግማሽ ካወጣ ደህና ነው። ለግምት እንዲረዳ፣ አንድ የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ የናስ ቀለህ ወደ 4 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት 250 ገደማ ያስፈልጋል።

«የተተኮሰ ስለሆነ አደጋ የለውም፤ መልቀም ጊዜ ማባከን ነው»

ከምክሩ ሁሉ ሰው የሚገድለው ይህ ነው። ጆንያ ውስጥ የገባ ሁሉ አልተተኮሰም። ሲመታ ከሽፎ የወደቀ ጥይት፣ ከጥይት መያዣ ካርታ የተንጠባጠበ ሙሉ ጥይት፣ አረሩ (ሲተኮስ የሚወረወረው ጫፉ) ወድቆ ባሩዱ የቀረበት ቀለህ፣ ሁሉም ከባዶው ጋር አብሮ ይለቀማል። እሳት ውስጥ የገባ ሙሉ ጥይት ከጠመንጃ አፈሙዝ እንደወጣ ጥይት ሩቅ አይበርም፤ ግን ቀለሁ ተቀዶ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ከዚያ የሚከፋው የቀለጠ ናስ ውስጥ ሲፈነዳ ነው። አንድ ሺህ ዲግሪ የደረሰ ፈሳሽ ፊትና ደረት ላይ ይረጫል።

ስለዚህ ቀለህ እንደ ምስር ነው የሚለቀመው፦ በቀን ብርሃን፣ በሰፊ ጨርቅ ላይ፣ አንድ በአንድ። መጀመሪያ አፉን ማየት፤ አረር ካለበት ሙሉ ጥይት ነው። ቀጥሎ ውስጡን ማየት፤ የባሩድ ፍሬ ካለ ይለይ። ከዚያ ቂጡን መገልበጥ። መሀሉ ላይ ያለችው ትንሿ ክብ የጠመንጃው መርፌ የሚመታት ናት፤ መርፌ የነካት ከሆነ ጎድጉዳለች። ቀለሁ ባዶ ሆኖ ክቧ ካልጎደጎደች በውስጧ ያለው ፈንጂ አልነደደም ማለት ነው፤ ያ ቀለህ ወደ እሳት አይቅረብ። የጎደጎደች መሆኗ ብቻውን ደግሞ ዋስትና አይደለም፤ አረሩ ያልወጣለት ጥይት ጎድጓዳ ካለው፣ ተመትቶ የከሸፈ ነውና ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራል። ለሥልጠና የሚተኮሰው አረር አልባ ጥይትም አለ። ከተተኮሰ አፉ እንደ አበባ ተከፍቷል፤ ካልተተኮሰ አፉ ታጥፎ ተዘግቷል።

የዲሽቃ (የከባድ መትረየስ) እና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር፣ ቀለሁ ባዶ ቢመስልም፣ አንጥረኛ ቤት መግባት የለበትም። ከ20 ሚሊሜትር ጀምሮ ያሉት ጭንቅላታቸው ራሱ ፈንጂ ሊይዝ ይችላል። ጫፉ ቀለም የተቀባ አረርም እንዲሁ፤ ብርሃን እየሰጠ የሚሄድ ወይም የሚያቃጥል ቅመም በውስጡ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ጆንያ ውስጥ ከተገኘ መዶሻ አያሻም፣ በጉጠት መጭመቅ አያሻም፣ መበታተን አያሻም። ሰውን ከአካባቢው አርቆ ለፖሊስ መንገር ነው። ሙሉ ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው፤ አንድ ሙሉ ጥይት የተገኘበት ጆንያ «ቁርጥራጭ ብረት ነው» ቢባል የሚሰማ የለም። ከልጆች እጅ ቀለህ መግዛትን ጸሐፊው እንደ ብልሃት ጠቅሰውታል። ልጅ ሳንቲም ካገኘበት ነገ ወደዚያው ሜዳ ይመለሳል፤ የሚቀጥለው የሚያነሳው ነገር ቀለህ ላይሆን ይችላል።

የምንሽርና የመሳሰሉት አሮጌ ጠመንጃዎች ቀለህ ናስ ስለሆነ ተፈላጊ ነው ተብሏል። ናስ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በብዙ አሮጌ ጥይቶች ቂጥ ላይ ያለው የሚቀጣጠል ቅመም ሜርኩሪ ነበረበት። ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ይፈላል፤ ናሱ ከመቅለጡ ብዙ ቀድሞ ተኖ አቅላጩ ሳንባ ይገባል፣ ሽታም የለውም። አሮጌውን ለጌጥ መሸጥ እንጂ ማቅለጥ አይመከርም።

«ከነአፈሩ ይግባ፤ እሳት ሁሉን ያነጻል»

አያነጻም። አፈሩ ቀልጦ ከናሱ ጋር ይጣበቅና ሰፈፉ ሲወጣ ናሱን ይዞት ይወጣል። ከአፈሩ የሚብሰው ውኃው ነው። ክረምት ላይ የተለቀመ ቀለህ ውስጡ ጭቃ፣ ከጭቃው ውስጥ እርጥበት አለ። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር 1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ እርጥብ ቀለህ የቀለጠ ናስ ላይ ሲጣል ማቅለጫው የሚተፋው ለዚህ ነው።

ተለቅሞ ያለቀውን ቀለህ በሙቅ ውኃና በኦሞ ማጠብ፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ማዋል። ሲታጠብ ጓንት ይደረግ፤ ከተኩስ የቀረው ጥላሸት እርሳስ አለበት። እጣቢው ጎመን መደብ ላይ ወይም ከብት የሚጠጣበት ቦታ አይደፋ። ከመቅለጡ በፊት በቆርቆሮ ላይ ከምድጃው ዳር ማሞቅ፤ መጀመሪያ የገባው ከቀለጠ በኋላ የሚጨመረው፣ የሞቀና የደረቀ ብቻ ይሁን። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለቀማው ከተጠናቀቀ በኋላ ነው፤ አንድም የሚያጠራጥር ካለ ምድጃ ዳር መድረስ የለበትም።

«ነጩ ጭስ ምንም አያደርግም፤ ወተት መጠጣት ነው»

ይህን የሚሉት ጸሐፊው ብቻ አይደሉም፤ በየብየዳ ቤቱ ይባላል። ጭሱ የሚገባው ሳንባ ነው፣ ወተቱ የሚገባው ሆድ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ከዚያ በላይ እዚህ ሥራ የለውም።

ጭሱ ዚንክ ነው። ዚንክ ብቻውን በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ከናሱ መቅለጫ ያነሰ ሙቀት መሆኑን ልብ በሉ። ከመዳብ ጋር ስለተዋሃደ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይተንም እንጂ ናሱ ከመጠን በላይ በጋለ ቁጥር እየነደደ ይወጣል። አረንጓዴና ነጭ ነበልባል፣ እንደ ተበጠረ ጥጥ የሚበር ነጭ ብናኝ፣ ያ ዚንክ ነው። የተነፈሰው ሰው ወዲያው አያመውም። ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ቆይቶ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይጠማዋል፣ አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም ይሰማዋል፣ ያስለዋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። በዓባይ በረሃ አፋፍና በጣና ዳር ላለ ሰው ይህ ወባ ይመስላል፤ የወባ መድኃኒት ተውጦ በማግስቱ ሲሻል መድኃኒቱ ይመሰገናል። ለሐኪም ናስ ሲያቀልጥ እንደዋለ መንገር ይገባል። ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ሌላ ነገር ስለሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

መከላከያው ማቅለጡ ራሱ ውስጥ ነው። የደቀቀ ከሰል ወይም የተፈጨ ጠርሙስ የቀለጠውን ላይ አልብሶ ከአየር መሸፈን፤ ትንሽ ቦራክስ (ቆሻሻውን የሚሰበስብ ነጭ ዱቄት) ማከል። እንደቀለጠ ሳይውል ሳያድር ማፍሰስ፤ ከ1,050 ዲግሪ ወዲያ የሚሞቀው ለመስቀል አያስፈልግም። ሥራው ደጅ ይሁን፣ ነፋሱም ከጀርባ ይምጣ። ነጠላ መከናነብ ይህን ብናኝ አያግድም። ኤን 95 የሚባለው ጭምብል በልክ ከተጠለቀ ለዚንክ ብናኝ ይረዳል፤ ለሜርኩሪ ትነት ግን አይሠራም።

ዚንኩ መሄዱ ናሱንም ይቀይራል። ሦስት አራት ጊዜ የተመላለሰ ናስ እየቀላ፣ ለመፍሰስም እየሰነፈ ይመጣል። ቀለሙን ለመመለስ ከማፍሰስ በፊት ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም ንጹሕ ዚንክ በናስ ቅጠል ጠቅልሎ፣ በጉጠት ወደ ታች ደፍቆ ማቅለጥና አማስሎ ወዲያው ማፍሰስ ይበቃል።

«የሰሙን ክብደት በአምስት አባዙት»

መስቀሉ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል፣ በሸክላ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ ናስ ይፈስበታል። እዚህ ላይ ነው ጸሐፊውን መረዳት የሚያቅተው፤ የሰሙን አሠራር፣ ሸክላውን ከፈረስ ፋንድያና ከደቀቀ ጭድ ጋር ማቡካቱን፣ መተንፈሻ መተዉን ያለ ስህተት ጽፈውታል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የንብ ሰም ከውኃ ትንሽ ይቀላል፣ ናስ ከውኃ ስምንት ተኩል እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ሰሙ የተወውን ባዶ ቦታ ለመሙላት የሰሙ ክብደት ወደ ዘጠኝ እጥፍ ናስ ያስፈልጋል። 60 ግራም የሚመዝን የመስቀል ሰም፣ ከነመፍሰሻው፣ 530 ግራም ናስ ይፈልጋል፤ ለሰፈፍና ማቅለጫው ላይ ተጣብቆ ለሚቀረው አሥር በመቶ ሲጨመር 590 ግራም ገደማ። በአምስት ያባዛ ሰው 300 ግራም አቅልጦ ሸክላውን ከግማሽ ትንሽ አልፎ ይሞላዋል። ቀሪውን አቅልጦ ቢደግም አይያያዝም፤ የመጀመሪያው ቀዝቅዟል፤ መገጣጠሚያው ላይ በጣት ሲጫን ይለያያል።

«ደወልም ዋንጫም ይወጣዋል»

ደወል አይወጣውም። ጥሩ የደወል ቅልቅል መዳብና ቆርቆሮ (ቲን የሚባለው እንጂ የጣሪያው ቆርቆሮ አይደለም) ነው፦ ከመቶ 78 እስከ 80 መዳብ፣ የቀረው ቆርቆሮ። ይህ ነሐስ ነው፣ ጠንካራና ተሰባሪ፣ ሲመታ የሚዘፍን። የቀለህ ናስ ለስላሳ ነው፤ ድምፁ ታፍኖ ቶሎ ይሞታል። በጎጃም ገዳማት የሚመታው የድንጋይ ደወል እንኳ ከእሱ ይሻላል። ለጸናጽል፣ ለእጅ መስቀል፣ ለአንገት መስቀል ግን የቀለህ ናስ ይስማማል።

ዋንጫ ደግሞ ጭራሽ አይሠራበት። ጠጅም ሎሚም ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ከናስ ላይ መዳብና ዚንክ ያወጣል፤ እርሳስ ካለበት እርሳሱንም።

«እርሳሱን ቀላቅሉት፣ የተረፈውን ለመረብ»

ጸሐፊው እርሳስ ሲጨመር ናሱ «እንደ ውኃ ይፈሳል» ብለዋል። እርሳስ ከናስ ጋር አይዋሃድም፤ ነጥብ ነጥብ እየሆነ በመካከሉ ይቀመጣል፣ የቀረው ወደ ታች ይዘቅጣል። መሞረድ ያቀላል፤ መፍሰስን ግን ይህን ያህል አይረዳም። በምትኩ እርሳስ በ327 ዲግሪ የሚቀልጥ ስለሆነ አንድ ሺህ ዲግሪ ላይ ሲጣል ይጨሳል። ጭሱም የደረቀው አቧራም ልብስ፣ ፀጉር፣ የምድጃው አፈር ላይ ይቀመጣል። ሕዝብ በየቀኑ በከንፈሩ የሚሳለመውን መስቀል እርሳስ ከተጨመረበት ናስ ማውጣትም ምንም ምክንያት የለውም።

አረሩም ቢሆን ንጹሕ እርሳስ አይደለም። የክላሽ አረር ብዙውን ጊዜ መሀሉ ብረት፣ በዙሪያው ስስ እርሳስ፣ ውጩ መዳብ የተለበጠ ብረት ነው። ኪሎ አረር የገዛ ሰው በዋናነት ብረት ገዝቷል።

ዋናው ነገር ግን ልጆች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን በደም ውስጥ አይታወቅም ይላል። በሴኔጋል ዳካር ዳርቻ፣ ቲያሮይ ሱር ሜር በምትባል ሰፈር፣ ያገለገሉ የመኪና ባትሪዎች እርሳስ በሚሠራበት አካባቢ ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 18 ልጆች ሞቱ። ሥራው ከዚህ የሚለይ አልነበረም፤ ግቢ ውስጥ ማቅለጥ፣ አፈሩን ማበጠር። ለጣና አጥማጅ መረብ ድንጋይም ቁርጥራጭ ብረትም ክብደት ይሆናል። እርሳሱ በግቢ ውስጥ አይቅለጥ፣ አይገዛም ደግሞ።

«ደህና ደህናውን ለሚሞሉ ሰዎች»

ስለዚህ ረዥም መልስ አያስፈልግም። የክላሽ የብረት ቀለህ አንዴ ተተኩሶ እንዲጣል የተሠራ ነው፤ ሲተኮስ ይለጠጣል፣ ቂጡም ተከፍቶ እንዲተካ ታስቦ አልተሠራም። ማን በምን ባሩድ እንደሞላው ያልታወቀ ጥይት የጠመንጃውን የኋላ መዝጊያ አፈንድቶ ወደ ተኳሹ ፊት ይመልሰዋል። ሻጩም «እኔ ባዶ ነው የሸጥኩት» ቢል ጣጣው ላይቀርለት ይችላል። ለማቅለጥ የተገዛ ናስ ቀለህ መጀመሪያ በመዶሻ ይጨፍለቅ፤ ለማቅለጫውም ቦታ ይቆጥባል፣ ወደ ሌላ መንገድም አይሄድም። የሚጨፈለቀው ግን ለቀማውን ያለፈው ብቻ ነው።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ይቀራል። ጸሐፊው ጆንያው እንደተዘጋ ተመዝኖ ይገዛ ይላሉ። ቆራሌው ደጅ ላይ ማግኔት ይዞ መሄድ፣ ማስዘርጋት፣ የተሳበውንና አረር ያለውን ለእሱ መተው፣ የቀረውን ብቻ ማስመዘን ነው። እምቢ ካለ ሌላ ቆራሌ ዳንግላም ቡሬም ፍኖተ ሰላምም አይጠፋም።